ጥያቄና መልስ፦ «ሞርዳድ 28» በእኛ መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ የመካከለኛው ምሥራቅ ታሪክ አስተምራለሁ። የኢራን ሰነዶች ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ ከሥልጣን የወረዱት «ሞርዳድ 28 ቀን 1332» ነው ይላሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በኩል አዙሬ ወደ እኛ ስመልሰው አንዳንዴ አንድ ዓመት ይዛነፍብኛል። አቋራጭ የለውም?

መልስ፦ አለው። የኢራን ዘመን መለወጫ ኖውሩዝ መጋቢት 12፣ አንዳንድ ዓመት 11 ይውላል። ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ በእነሱ ዓመት ላይ 613 ይደምሩ፤ ከመስከረም 1 እስከ ኖውሩዝ ዋዜማ ግን 614። የሚዛነፍብዎ እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ የእኛ ዓመት ሲለወጥ እነሱ ገና ስድስተኛው ወር ሻህሪቫር ላይ ናቸው።

ቀኑን ለማግኘት፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮቻቸው 31፣ ተከታዮቹ አምስት 30፣ የመጨረሻው 29 ወይም 30 ቀን እንዳላቸው ይያዙ። ሞርዳድ አምስተኛ ነው። ያለፉት አራት ወሮች 124 ቀን፣ ከሞርዳድ 27፣ ድምሩ 151፤ በእኛ አምስት ወር ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። ከመጋቢት 12 ሲቆጥሩ ነሐሴ 13 ላይ ያርፋሉ፤ ዓመቱም 1945። ቆጠራው ጳጉሜንን ከተሻገረ አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን አስቀድመው ይቀንሱ። ባህማን 22 ቀን 1357፣ አብዮቱ ያሸነፈበት ዕለት፣ እንዲህ ሲሰላ የካቲት 4 ቀን 1971 ይሆናል።

ተማሪ የሚስትበት ሌላ ቦታም አለ። «ቲር» የእነሱ አራተኛ ወር እንጂ የእኛ ጥር አይደለም፤ የቲር 30 ቀን 1331 ሕዝባዊ ዐመፅ የተነሣው ክረምት፣ ሐምሌ 14 ቀን 1944 ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የጨረቃው ሂጅራ፣ ማለትም እስካሁን ካሰላነው የፀሐይ አቆጣጠር የተለየው እስላማዊ አቆጣጠር ነው። የፀሐዩ አቆጣጠር በሕግ የጸደቀው በ1917 ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረው የቃጃር ሥርወ መንግሥት ዘመን ወረቀት በአብዛኛው በጨረቃ ነው። የሕገ መንግሥቱ አዋጅ ዓመት በጨረቃ 1324፣ በፀሐይ 1285 ነው። 1324 ላይ 613 የደመረ ሰው በ1898 የሆነውን 1937 ላይ ይጥለዋል! 2535፣ 2536 ወይም 2537 ካዩ ደግሞ ሻሁ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያወጁት የንጉሠ ነገሥት አቆጣጠር ነው፤ 1180 ይቀንሱ። ማስታወሻ ሲይዙ ሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ይጻፉ፣ የጨረቃ ይሁን የፀሐይ ምልክት ያድርጉበት፣ ስሌቱ ከዚያ ይምጣ።

ጥያቄ፦ «ፋርስ» እና «ኢራን» ሁለት አገር ናቸው? (ከዘጌ)

መልስ፦ አንድ ናቸው። አገሬው ድሮም ኢራን ይል ነበር፤ የሬዛ ሻህ መንግሥት የውጭ መንግሥታትም እንዲሁ እንዲሉ የጠየቀው ከመጋቢት 1927 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የአውሮፓ ሰነድ ሲፈልጉ «ፋርስ» በሚለው ስም ይፈልጉ።