ለተራበ ሰው ሣር?

ጥያቄ፦ በ2015 ዓ.ም. ለቦረና ድርቅ እድራችን መዋጮ ሲያሰባስብ፣ አንዳንድ አባላት «ሰው እየተራበ ለከብት መኖ መላክ ምን ይባላል?» ብለው ተቃወሙ። ተሳስተው ነበር? (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ ተቃውሟቸው ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም የአርብቶ አደሩን ኑሮ ያገናዘበ አይመስለንም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲስተጓጎሉ የቦረና ሰው ያጣው ከብቱን ነው፤ ከብት ሲያልቅ ደግሞ የሕፃናቱ ወተት ብቻ ሳይሆን እህል የሚሸመትበት ጥሪትም አብሮ ይጠፋል። የከሳ በሬ ዋጋ በሚያሽቆለቁልበት ገበያ የእህል ዋጋ ስለሚንር፣ ረሃቡ የሚብሰው እህል ከገበያ ባይጠፋም መግዣው ሲታጣ ነው። ስለዚህ ለጥቂት የሚታለቡ ላሞች በጊዜው የደረሰ ድርቆሽ ልጆቹንም ይመግባል።

ከዚህም የሚቀድም መላ አለ። በ1998 ዓ.ም. በሞያሌ አካባቢ ነጋዴዎች ከብቶቹን ሳይሞቱ እንዲገዙ በመደረጉ፣ አርብቶ አደሮቹ በገንዘቡ ለቤተሰባቸው እህል፣ ለቀሩት ከብቶቻቸው መኖ ገዝተዋል። እርግጥ ነው፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ ለሰው ዱቄት መላክ የግድ ነው፤ እድራችሁም አላጠፋም።