«ፈርሚ» እያለኝ ነው፣ ልፈርም ወይስ ልልቀቅ?

ሰላም እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ገላን አካባቢ አንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። ማናጀራችን መጮህ ልማዱ ነው፣ በሰው ፊት «ደንቆሮ» ሲለኝ እንኳን ለምጄው ነበር። ችግሩ ጥሬ እቃ ሲፈልግ መጠየቂያ ሳይሞላ በስልክ ነው የሚያዘኝ፣ «አውጪላቸው፣ ከሰአት እፈርማለሁ» ይላል ከሰአት ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው፣ በነጋታው ሳነሳበት «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» ብሎ ያፈጥብኛል በቃ ዝም እላለሁ። ባለፈው እሁድ ለቆጠራ ተጠርተን ባለ 25 ኪሎ 3 ከረጢት ጎደለ። ሰኞ ቢሮው አስጠርቶ 12 ሺህ ብር በ3 ወር ከደሞዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ የሚል ወረቀት ሰጠኝ፣ ደሞዜ እኮ 9 ሺህ ነው፣ በወር 4 ሺህ ሄዶ ኪራዩን በምን ልከፍል ነው? «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። እስከ አርብ ካልፈረምሽ በሩ ክፍት ነው አለኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

የኔ እህት፣ «ላስብበት» ያለው አፍሽ ይባረክ። አትፈርሚ። እንደፈለገ መቁረጥ ቢችል ኖሮ ፊርማሽን ምን ያስለምነዋል? በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደሞዝ የሚቆረጠው ህግ፣ ፍርድ ቤት፣ የህብረት ስምምነት ወይም የስራ ደንብ ሲፈቅድ ነው፣ ካልሆነ ሰራተኛው በፅሁፍ ሲስማማ፣ እሱ የፈለገው ይቺን የመጨረሻዋን ነው። ተቆረጠ ቢባል እንኳ በወር ከሲሶ አያልፍም፣ ያንቺ ሲሶ 3 ሺህ ነው፣ 4 ሺውን ከየት አመጣት?

ግን ላባብልሽ አልችልም፣ ስቶር ኪፐር ያለ ወረቀት እቃ ካወጣች ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው፣ ይሄን ደሞ እሱ ካንቺ በላይ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ የደወለልሽን ቀንና ሰአት ሳይጠፋ ፎቶ አንሺ፣ የእቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ጋር አስተያዪው፣ እቃውን ከፕሮዳክሽን ማን እንደወሰደም አስታውሺ። ከዛ አጭር ደብዳቤ፦ በዚህ በዚህ ቀን በስልክ ታዝዤ ይሄን ያህል አውጥቻለሁ፣ ቆጠራው እኔ ባለሁበት ይደገምልኝ። ስድብ የለ፣ ለቅሶ የለ። ለሰው ሀብት ስጪና ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» አስብለሽ አስፈርሚ። እሱ ደብዳቤ ከሰጠሽና መቀበልሽን ፈርሚ ካሉሽ ደሞ ከፊርማሽ በላይ «ኮፒ ተቀብያለሁ፣ በይዘቱ አልስማማም» ብለሽ ፃፊበት።

ከአሁን በኋላ በስልክ ሲያዝሽ አትከራከሪ፣ ወዲያው በቴሌግራም «እሺ፣ እንዳዘዙኝ 2 ከረጢት እያወጣሁ ነው፣ ወረቀቱን ከሰአት ይዤ እመጣለሁ» በይው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራሱ ወረቀት መሙላት ይጀምራል ባይ ነኝ፣ እንዲህ አይነት ሰው የሚፈራው ፅሁፍ ነው።

አርብ ተናደሽ መልቀቂያ እንዳታስገቢ፣ ማባረር ከፈለገ ምክንያቱን በደብዳቤ ይስጥሽ። የሰራተኛ ማህበር ካላችሁ አንድ ሰው ይዘሽ ግቢ። የእሁዱ ቆጠራም የእረፍት ቀንሽ ከሆነ በእጥፍ ይከፈላል፣ ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራልና አታዘግዪው። «ደንቆሮ» የሚለውን ለብቻው እንመለስበታለን፣ እስከዛው እሱንም ቀን እየፃፍሽ ያዢው።