ስቴፊ ጆንስ ለምን ተሰናበተች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተወራርደናል። ስቴፊ ጆንስ ከጀርመን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝነት የተነሣችው ሌዝቢያን መሆኗ ስለታወቀ ነው ይላል። እኔ አላመንኩትም፤ የምመልስለት ግን አጣሁ። እውነቱ ምንድን ነው?
የአምድዎ የዘወትር አንባቢ

መልስ፦ ባልደረባሽ የቀን መቁጠሪያ አላየም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ጆንስ ከሴት ፍቅረኛዋ ጋር በአደባባይ የታየችው በ2013 ነው። በ2014 አጋርነታቸውን በሕግ አስመዘገቡ፤ ጋብቻ ተብሎ እንዲጠራ የጀርመን ሕግ የፈቀደው በ2017 ነውና። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ቀጣይዋ አሰልጣኝ እርሷ መሆኗን ያስታወቀው ደግሞ በ2015 ነው። ዐውቀው የሾሟትን ሰው በዚያው ምክንያት በ2018 የሚያባርሯት ለምንድን ነው?

ባልደረባሽ ጭራሽ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም፤ የወንዶቹን ኳስ እያሰበ ይሆናል። እዚያ የቀድሞው የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ቶማስ ሂትስልስፐርገር ዝምታውን ሰብሮ ወንድ እንደሚወድ የተናገረው በ2014፣ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነበር።

ጆንስን ተከላካይ ሳለች ጀምሮ የማደንቃት ሰው ነኝና ትንሽ ታገሺኝ። የጀርመን ፌዴሬሽን ከ1955 እስከ 1970 ሴቶች በክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር። እገዳው በተነሣ በሁለት ዓመቱ ፍራንክፈርት ውስጥ ከጀርመናዊት እናትና ከጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ተወለደች። ለአገሯ 111 ጊዜ ተሰለፈች፤ ሦስት የአውሮፓ ዋንጫና ሁለት የኦሊምፒክ ነሐስ አገኘች። በ2003ቱ የዓለም ዋንጫ ግን ገና በምድብ ጨዋታ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ ፍጻሜው ያለ እርሷ ተካሄደ።

በ2007 መጫወት አቆመችና የ2011ዱ የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆነች። በእኔ ዓይን ትልቁ ሥራዋ ይህ ነው። በርሊን ላይ የመክፈቻውን ጨዋታ ከ73 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ አየው። ጀርመን በሩብ ፍጻሜው በጭማሪ ሰዓት በጃፓን ተሸነፈች፤ የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ በጃፓንና በአሜሪካ መካከል ሆነ። ሠርጉ በእርሷ ቤት፣ ሙሽሮቹ የሰው! ከዚያም በፌዴሬሽኑ የሴቶች እግር ኳስ ዳይሬክተር ሆነች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጆንስ አንድም ክለብ በዋና አሰልጣኝነት ሳትመራ ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበች፤ ያውም በ2016 የኦሊምፒክ ወርቅ ከወሰደችው ከሲልቪያ ናይድ እጅ። መሰላሉን ከላይኛው እርከን ጀመረችው። ከ1995 እስከ 2013 ጀርመን የአውሮፓን ዋንጫ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወስዳለች። በ2017 ሮተርዳም ላይ ከዴንማርክ ጋር የነበረው የሩብ ፍጻሜ በዝናብ ምክንያት ለማግስቱ ተላለፈ፤ እኔም ቅዳሜን ውኃ የተኛበት ሜዳ ሳይ አመሸሁ። እሑድ ጀርመን በ3ኛው ደቂቃ አገባች። ከዕረፍት በኋላ የዴንማርኳ ናዲያ ናዲም አቻ አደረገች፤ ቴሬሳ ኒልሰን ጨረሰችው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጀርመን በሜዳዋ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአይስላንድ 3 ለ 2 ተሸነፈች። በመጋቢት 2018 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የአራት ቡድኖች ውድድር በፈረንሳይ 3 ለ 0 ተረትታ መጨረሻ ወጣች፤ ጆንስም በዚያው ወር ተሰናበተች።

ጥፋቱን ሁሉ በእርሷ ላይ አልጭንም። ልምድ እንደሌላት እያወቁ ያን ወንበር የሰጧትም ሰዎች ድርሻ አላቸው፤ የእነርሱን ስም ግን ማንም አያነሣም።

ውርርዱን አሸንፈሻል። በምን እንደተወራረዳችሁ ግን አልጻፍሽልኝም።