ከሩቅ ይዳሰሳል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ጥናቷ በራዳር ሳተላይት ጎርፍ የሸፈነውን መሬት ስለ መለየት ነው። ለወረዳ ግብርና ባለሙያዎች በአማርኛ አሳጥራ ስትጽፈው፣ እንግሊዝኛው «ሪሞት ሴንሲንግ» የሚለውን፣ ነገርን ከሩቅ ሆኖ በመሣሪያ ማወቅን፣ «ርቀት ዳሰሳ» አለች። አማካሪዋ ሰርዘው «የርቀት ቅኝት» ብለው አረሙት። «የሚዳሰስ ነገር እጅ የደረሰበት ነው፤ ሩቅ ያለ ነገር እንዴት ይዳሰሳል?» አሏት። «ማንኛችን ነን ልክ?» ትላለች።

እህቴ፣ በዚህ ቃል ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ሻይ የቀዘቀዘብኝ ስንት ጊዜ መሰለሽ! ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም ታገሽኝ።

መጀመሪያ የአማካሪሽን ሐቅ ልስጣቸው። «ዳሰሰ» በእጅ ነካ፣ ነክቶ ዐወቀ ነው። ግእዙ «ገሰሰ» ይላል፤ «መርሰሰ»ም አለው። በሁሉም ውስጥ ዓይን ሥራ የለውም። እንዲያውም ሰው የሚዳስሰው ዓይኑ አልሠራ ሲለው ነው። መብራት ሲሄድ ሻማ ፍለጋ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ መሳቢያውን እንዳስሳለን። ይስሐቅም ያዕቆብን የዳሰሰው ዓይኑ ስለ ፈዘዘ ነው። እጁን አገኘ፤ ጠጉራም ነው፤ «ዔሳው ነው» ብሎ ባረከው።

አሁን ይስሐቅን ያዢልኝና ወደ ራዳር እንሂድ።

ካሜራ የተሸከመ ሳተላይት ፀሐይ ያበራችውን ነው የሚለቅመው። ማታ አያይም። ደመና ሲጋረድበትም አያይም። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀቻት ሳተላይት እንዲህ ያለች ነበረች። ዜናው ሁሉ «የመሬት ምልከታ ሳተላይት» አላት። ጥሩ ስም ነው፤ ሥራዋ መመልከት ነውና። ግን ሐምሌ ላይ ከላይ ሆኖ መመልከት ማለት ብዙውን ጊዜ ደመና መመልከት ነው።

ራዳር ፀሐይን አይጠብቅም። የራሱን ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ሄዶ መሬት ይነካል፤ የተመለሰችውን ጥቂት ይቀበላል። ከዚያ ምን ያህል እንደ ተመለሰና ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ይቆጥራል። ደመናም ጨለማም አያቆመውም። ዓይነ ስውር በዘንጉ መንገዱን ሲያውቅ አይተሽ የለ? ዘንጉ ሄዶ ይነካል፣ ወሬውን ይዞ ይመለሳል። ይኼ ዳሰሳ ካልሆነ ምን ዳሰሳ ይሆናል?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የአውሮፓውያኑን ራዳር ሳተላይት፣ ሴንቲኔል-1ን ውሰጂ። የመጀመሪያው የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሆኖ 5.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ሞገድ ይሠራል። ይህ ሞገድ ከመሬት የሚያመጣው ወሬ ምንድን ነው? ቀለም አይደለም። ሻካራነትና እርጥበት ነው! አስፋልት ላይ ሲያርፍ ተንሸራቶ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ የለም ማለት ይቻላል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ይሆናል። የታረሰ ማሳ ላይ ሲያርፍ ግን ጓሉ በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከፊሉ ይመለሳል፤ ማሳው ነጣ ይላል። ያው ማሳ ዝናብ ሲጠጣ የበለጠ ይነጣል። ሻካራ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ደረቅ፦ እነዚህን ቃላት ከእጅ በቀር ማን ያውቃቸዋል?

እንደ እጅም ይታለላል። የተኛ ውኃ ጥቁር ነው፤ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያም ጥቁር ነው። ነፋስ ሐይቁን ሲያንቀሳቅሰው ደግሞ ውኃው ይነጣና መሬት ይመስላል። ድምፁ የያዕቆብ፣ እጁ የዔሳው። አንቺም የጎርፍ ካርታሽን ስትሠሪ ይህ ሳይገጥምሽ አልቀረም።

አሸዋ ውስጥም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ይዛው የወጣችው ራዳር 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ ሰሐራን ዳሰሰ። ከደረቁ አሸዋ ሥር የተቀበሩ የጥንት ወንዞች መውረጃ ወጣ። ሐኪም ሆድ ሲዳስስ ቆዳውን ማወቅ ፈልጎ አይደለም።

እዚህ ላይ ደግሞ «ቅኝት» የሚሉትን ላግኛቸው። ቃሉን እወደዋለሁ። የግእዙ «ቀነየ» ገዛ፣ አስገዛ ነው፤ ቅኔ ከዚያ ይወጣል፤ ቅኝ ግዛትም ከዚያው ቤት ነው። በገናውን ቃኘ ስንልም ክሩን ለዜማው አስገዛው እንደ ማለት እወስደዋለሁ። ቃኚ ጭፍራ ግን ከጉብታ ላይ ሆኖ በዓይኑም በጆሮውም የሚሰልል ነው፤ የሚነካው ነገር የለም። ቢነካ ተያዘ! አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ አስታውሺ። ስሙ ከራስ መኰንን ፈረስ ከአባ ቃኘው ጋር ይያያዛል፤ ሥራው ግን የሌላውን ሬዲዮ መጥለፍ፣ ጆሮ መጣል ነበር። ለካሜራና ለአድማጭ መሣሪያ «ቅኝት» ይሁን። ራዳር ግን ራሱ ጮኾ የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጥ ነው። ከቃኚ ወገን አይደለም።

አንድ የማከብረው ሰው ደግሞ «ዳሰሳ እኮ ዛሬ ጥናት ማለት ሆኗል፤ የእጅ ትርጉሙ ሞቷል» ይለኛል። የዳሰሳ ጥናት፣ የመጻሕፍት ዳሰሳ፣ «ጉዳዩን በወፍ በረር ዳሰስን»። እውነቱን ነው። ግን ይህ አማካሪሽን አይጠቅምም፤ እጅ ሳይነካ መዳሰስ ከተለመደ ቆየ ማለት ነውና «ሩቅ እንዴት ይዳሰሳል» የሚለው ክስ ይወድቃል። ለእኔ ግን የእጁ ትርጉም አልሞተም። ሬሳውን ያየ ካለ ያሳየኝ።

አፋርን ላንሳ። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ ከተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ ምድር ተሰነጠቀች። በዚያ ዘመን የነበረ ሌላ ራዳር ሳተላይት ስፍራውን ከስንጥቁ በፊትና በኋላ ዳሰሰና ሁለቱ ተነጻጸሩ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተራርቆ ተገኘ። ይህ ዘዴ የሴንቲ ሜትር ለውጥ እንኳ አያመልጠውም። በሕመምተኛ እጅ ላይ የደም ሥር ትርታ የምትቆጥር ነርስ ነው ትዝ ያለችኝ።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ሕዝቡ አልሰማኝም። ክፍል ውስጥ ተማሪው «ሪሞት ሴንሲንግ» ይላል፣ ያልፋል። የአማርኛ ወረቀት ላይ «የርቀት ቅኝት» ደጋግሜ አያለሁ፤ ካሜራውንም ራዳሩንም በአንድ ጆንያ ይከታቸዋል። ትርጉሙ ገብቶ ሰው ከተግባባበት ስሕተት ነው ለማለት አፌን አልሞላም። አማካሪሽ ከፈረሙልሽ በኋላ ግን ለገበሬው ስታስረጂ «ሳተላይቱ ማሳህን ይዳስሰዋል» በዪው። ወዲያው ይገባዋል።

«የራዳር ፎቶ» የሚለውን ግን ተዪ። ፎቶ በጽርእ፣ በግሪክኛ ማለቴ ነው፣ ብርሃን ነው፤ እዚህ የሚታይ ብርሃን የለም። «ምስል» ይበቃል።

በደብዳቤሽ ግርጌ ያነሳሻት ሌላዋ ነገር የባሰች ናት። ሴንቲኔል-1 የተሸከመውን ዓይነት ራዳር፣ ሲንቴቲክ አፐርቸር ራዳርን፣ «ሰው ሠራሽ ቀዳዳ ራዳር» ያለ ትርጉም አይተሽ ሳቅሽ። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ስለ ቀዳዳ አይደለም። የሴንቲኔል-1 አንቴና 12 ሜትር ገደማ ነው። በእርሱ ብቻ ቢሆን ሳተላይቱ በሚጓዝበት አቅጣጫ ከ4 ኪሎ ሜትር የሚያንስ ነገር መለየት ያቅተው ነበር። 5 ሜትር ለመለየት 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አንቴና ይፈልጋል። ያን ማን ይሸከማል? ስለዚህ እየበረረ በየደረሰበት የተቀበለውን ያጠራቅማል፤ ኮምፒውተር ያን አገጣጥሞ ከአንድ ረጅም አንቴና እንደ መጣ ያደርገዋል። እኔ «በጉዞ የረዘመ አንቴና» እላለሁ። ረዘመብኝ ካልሽ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጻፊው፤ አልቀየምም።

በምሕጻር «ሳር» ካልሽ ግን ተጠንቀቂ። ጽሑፍሽ ስለ ግጦሽም ያወራል፤ «የሳር ምስል» ስትዪ ባለሙያው ከብቶቹን ነው የሚያስበው። የከብቱ ከግእዙ «ሣዕር» ነውና በንጉሡ ሠ ጻፊው፦ ሣር። የሳተላይቱን በእሳቱ ሰ፦ ሳር። ሁለቱን ፊደል አንድ እናድርጋቸው የሚሉት ሰዎች ለዚህ ምን እንደሚመልሱ ብሰማ ደስ ይለኛል። ስብሰባ ላይ ስትናገሪ ግን ፊደሉ አያድንሽም። «የራዳሩ» ብለሽ እለፊው።