ሰፊ ቲቪ ላይ ጥቁሩ ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «ሰፊ ስክሪን ነው ብዬ የገዛሁት ቲቪ ፊልም ስከፍት ከላይና ከታች ጥቁር ያመጣል፣ ተበላሽቶ ይሆን?» ላልከው፣ ቲቪህ ደህና ነው። ጠጋኝ ጋ እንዳትወስደው። ፊልሙ ከቲቪህ የባሰ ሰፊ ስለሆነ ነው።

የዛሬ ቲቪ 16 በ9 ነው፤ ወርዱ የቁመቱን 1.78 እጥፍ ያህላል። ብዙ የሲኒማ ፊልም ግን 2.39 እጥፍ ይደርሳል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቲቪ ተመልካቹን ቤት ሲያስቀርባቸው፣ ሆሊውዶች ቤት የማይገኝ ስፋት ይዘው መጡ። ሲኒማስኮፕ የሚባለው ሰፊ ምስል የሚያሳይ የፊልም አሠራር የተጀመረው በ1953 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሪሞቱ ላይ «ዙም» ካልክ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ግን የምስሉ ሩብ ያህል ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። ሁለት ሰዎች ዳርና ዳር ሆነው ሲያወሩ የአንዱ ግማሽ ፊት ብቻ ይቀርልሃል። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ።

የድሮ ድራማ ስታይ ደግሞ ጥቁሩ ግራና ቀኝ ይሆናል፤ 4 በ3 ስለተቀረጸ። እሱን ከለጠጥከው ሰው ሁሉ ይወፍራል።

በአራቱም በኩል ጥቁር ከመጣ ግን ሌላ ነው። ያኔ የዲኮደሩን ሴቲንግ ከፍተህ የስክሪኑን መጠን 16 በ9 አድርገው።