ዝኩኒውን ያዳነ መድኃኒት ቲማቲሙን ለምን አላዳነም?

ጥያቄ፦ ዝኩኒዬን ነጭ ዱቄት የመሰለ በሽታ ሲይዘው ፖሊኦክሲን ዲ የተባለ ፀረ ፈንገስ ረጭቼ ቆመልኝ። ያንኑ ሌት ብላይት ለተባለው የቲማቲም በሽታ ሁለት ጊዜ ብረጨው ግን ማሳው ጠቁሮ አለቀ። ሻጩ «አንቲባዮቲክ ስለሆነ ሁሉንም ይገድላል» ብሎኝ ነበር። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የተበላሸው ምክሩ ነው። ፖሊኦክሲን እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ የተገኘ፣ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ የሚሠራው ኑክሊዮሳይድ (ከዲኤንኤ መገንቢያዎች ጋር የሚመሳሰል ሞለኪውል) አንቲባዮቲክ ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ባክቴሪያን አይነካም፤ ለታመመ ከብትም አይሰጥም።

ፈንገስ የገላውን ግድግዳ የሚያጠነክረው ቺቲን በሚባል ነገር ነው። የቺቲን ጥሬ ዕቃ የሆነው ስኳር ወደ ሥራው ቦታ የሚደርሰው ከኑክሊዮሳይድ ጋር ተጣብቆ ነው። ፖሊኦክሲን ያንን ጥሬ ዕቃ ስለሚመስል ቺቲን ሠሪው ኢንዛይም ተሳስቶ ይይዘውና ሥራው ይቆማል። ግድግዳው የሳሳው የፈንገስ ጫፍም ያብጥና ይፈነዳል። የዝኩኒዎ አመዳይ (ያ ነጭ ዱቄት የመሰለው በሽታ) የቆመው በዚህ መንገድ ነው። የሌት ብላይት ተህዋስ ግን ፈንገስ ይምሰል እንጂ ዘመዱ አልጌ ነው፤ ግድግዳው በዋናነት ሴሉሎስና ግሉካን ስለሆነ ፖሊኦክሲን የሚያስቆመው ሥራ የለም።

ዕፅዋትም እኛም ቺቲን ስለሌለን ፖሊኦክሲን ለሰው ብዙም አያሰጋም። ይህ ግን ለኑክሊዮሳይድ አንቲባዮቲኮች ሁሉ አይሠራም። ለሩዝ በሽታ ይረጭ የነበረው ብላስቲሲዲን ኤስም ኑክሊዮሳይድ ነው፤ እሱ ግን የፕሮቲን ሥራን በጅምላ ስለሚያቆም የረጪውን ዓይን ክፉኛ ያቆስላል።

ዝኩኒው ላይ ሠራ ብለው ደጋግመው አይርጩት። ጃፓን ውስጥ የፒር ዛፍ ጥቁር ነጠብጣብ አምጪ ፈንገስ መድኃኒቱን ወደ ውስጡ አላስገባ ብሎ ተላምዶታል። መለያው ላይ የፍራክ ቁጥር (ፀረ ፈንገሶችን በአሠራራቸው የሚመድብ ቁጥር) 19 ያለውን ከረጩ፣ ቀጣዩ ሌላ ቁጥር ያለውና ለአመዳይ የተፈቀደ ይሁን።

ለቲማቲሙ ለሌት ብላይት ተብሎ የተመዘገበ መድኃኒት ያስፈልግዎታል፤ እሱም በሽታው ሳይስፋፋ ነው። የታመመውን ተክል ነቅለው ከማሳው ያርቁ። ሁለቱም ነጭ ስለሚያሳዩ እንዳይምታቱብዎት ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። አመዳይ ብዙውን ጊዜ ከላይ ተነስንሶ በጣት ይጠረጋል፤ ሌት ብላይት ግን ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጠቆር ያለ ቁስል ሆኖ፣ ከሥር በቁስሉ ዳር ስስ ነጭ ሻጋታ ያወጣል።