ባለቤቴን ከጣልያን ሬስቶራንት አስቀረሁት፣ ግፊቱ ግን አልወረደም

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን አሉልን። ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው፣ ደም ግፊት አለበት፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ይወስዳል። የሶስት ወሩ የስኳር ምርመራም 6.3 ሆኖ "ጫፍ ላይ ነህ ተጠንቀቅ" ተብሏል። በሳምንት ሁለቴ ሶስቴ ከስራ ጓደኞቹ ጋር ጣልያን ሬስቶራንት ነበር የሚያመሸው፣ ፓስታ በክሬም፣ ፒዛ፣ ቲራሚሱ... ከሁለት ወር በፊት በቃ አልኩና ያንኑ የሚወደውን ምግብ እራሴ እቤታችን መስራት ጀመርኩ። ስጎው የጠርሙስ ነው፣ ለሶስት ሰው አንድ ፓኬት ፓስታ እቀቅላለሁ፣ እንዲጣፍጥለት የሾርባ ኪዩብ ጣል አደርግበታለሁ፣ ቺዝም አለው። ግፊቱ ግን አሁንም 150/95 አካባቢ ነው፣ ኪሎውም አልቀነሰም። እሱ ደግሞ "ጣልያኖቹ በየቀኑ ፓስታ እየበሉ ረጅም ዕድሜ ይኖሩ የለ እንዴ" እያለ ይከራከረኛል። የቤት ምግብ ይሻላል ሲባል አልነበር? የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እጅዎ ይባረክ እህቴ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ምድጃ ላይ መቆም ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ የምነግርዎትን እንደ ወቀሳ እንዳይወስዱብኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፣ እርስዎ ያስቀሩት ሬስቶራንቱን ነው እንጂ ምግቡን አይደለም። ለደም ስር ጨው ያው ጨው ነው፣ ሼፉ ጨመረው እርስዎ ጨመሩት የሚለይበት ነገር የለም። የቤት ምግብ ይሻላል የምንለው ማንኪያው እጃችን ላይ ስለሆነ ነው፣ ማንኪያውን ካልተጠቀምንበት ግን የቤት መሆኑ ብቻውን አያድንም።

እስቲ የነገሩኝን ሳህን አብረን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ማለት ነው፣ እሱም ዳቦውና ቺዙ ውስጥ የተደበቀውን ጨምሮ። አሁን ኪዩቡን ይያዙት፣ 10 ግራም ከሆነ ግማሹ አካባቢ ጨው ነው፣ ለሶስት ሲካፈል ለአንድ ሰው አንድ ግራም ተኩል ገደማ ደረሰ። የጠርሙሱ ስጎ ብዙ ጊዜ በ100 ግራም 1 ግራም አካባቢ ጨው አለው (ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሶዲየም ከሆነ በ2.5 ሲያባዙት ጨው ይሆናል)፣ 400 ግራሙን ሶስታችሁ ስትጨርሱት ሌላ ከ1 ግራም በላይ። ላዩ ላይ 30 ግራም ፓርሚጃኖ ቺዝ ቢፈገፈግበት ግማሽ ግራም ሌላ። ፓስታው ሲቀቀል ከውሃው የጠጣው ጨው ገና አልተቆጠረም እኮ። በአንድ እራት ብቻ ከ3 ግራም በላይ ገባ ማለት ነው፣ ቁርስና ምሳ ሳይነካ።

ሬስቶራንትስ? እዛም መንገዱ ይሄው ነው፣ እንደውም ይብሳል። ጣልያኖች አንድ የቆየ ልክ አላቸው፣ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ እና 10 ግራም ጨው። ከዛ መጥበሻው ላይ በጨው የደረቀ የአሳማ ስጋ ወይ አንቾቪ የሚባለው በጨው የተቀመጠ ትንሽ አሳ ይገባል፣ ፔኮሪኖ የሚባለው ጨዋማ የበግ ወተት ቺዝ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስጎው እንዲወፍርና እንዲያብረቀርቅ ከዛው ጨዋማ የፓስታ ውሃ አንድ ጭልፋ ከቅቤ ወይ ከዘይት ጋር ይመታበታል። ሼፉ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሙያው ነው፣ ጣፍጦ ተመልሰው እንዲመጡ ነው የሚፈልገው፣ የባለቤትዎን ግፊት ደግሞ ከየት ያውቃል።

ጨው ሲበዛ ኩላሊት ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ ደም ስር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይወጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ በአይን የሚታይ ነገር ነው። አንዲት ታካሚዬ ፒዛ በበላች ማግስት ጠዋት ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ እንደሚላት ነግራኛለች፣ ሌሊቱን ደግሞ ሁለት ሶስቴ ለውሃ ትነሳለች። እርስዎም ባለቤትዎ ሌሊት ውሃ እየጠማቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ብቻ እግራቸው ቁርጭምጭሚት ላይ ካበጠ ሁሉንም ጨው ነው ብለው እንዳይተዉት፣ አምሎዲፒን ራሱ እግር ያሳብጣል፣ ለሐኪማቸው መነገር አለበት።

ኪሎው ያልቀነሰው ደግሞ በፓኬቱ ነው። 500 ግራም ለሶስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 167 ግራም ደረቅ ፓስታ ነው፣ ጣልያን አገር የአንድ ሰው ልክ የሚባለው ግን ከ80 እስከ 100 ግራም ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከፓስታው ብቻ ወደ 600 ካሎሪ ገባ፣ ዘይቱ ሳይነካ። ዘይቱን ደግሞ ተዉት፣ እኔ ራሴ አንድ ቀን ከጠርሙሱ እንደልማዴ መጥበሻው ላይ ካፈሰስኩ በኋላ በማንኪያ መልሼ ስለካው አራት የሾርባ ማንኪያ ሆኖ አገኘሁት፣ ለእኔ ሁለት ነበር የሚመስለኝ! አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው። የወይራ ዘይት ለልብ ጥሩ ነው፣ እኔም እመክራለሁ፣ ግን ጥሩ ዘይትም በማንኪያ ይለካል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ክርክር እንምጣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አንሴል ኪስ የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰባት አገሮች ጥናት የሚባለውን ሲጀምር ጣልያን ውስጥ ክሬቫልኮሬና ሞንቴጆርጆ ከሚባሉ የገጠር አካባቢዎች ሰዎችን ይዞ ነበር፣ የሜዲትራኒያን አመጋገብ ዝናው ብዙ የመጣው ከዛ ነው። ግን በዛን ዘመን የገጠር ሰው ሳህን ላይ የነበረው ምንድነው? ፓስታ ከባቄላና ከሽምብራ ጋር፣ ብዙ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ስጋ አልፎ አልፎ፣ ከዛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ጉልበት መጨረስ። ዛሬም ወጉን በጠበቀ የጣልያን ማዕድ ፓስታ የመጀመሪያ ሳህን ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከሱ በኋላ አሳ ወይ ስጋ ይመጣል፣ ከጎኑ አትክልት። በክሬም ተጥለቅልቆ ሳህን ሙሉ የሚቀርበው ከጣልያን ውጪ የበዛ ነገር ነው፣ የሮማው ካርቦናራ ራሱ ክሬም የለውም። ስለዚህ ፓስታው አይደለም ችግሩ ማለታቸው ልክ ነው፣ ጣልያኖቹ እንደሚበሉት ይብሉ ታዲያ፣ አይ ካሉ ክርክሩ አይቆምም።

ለስኳራቸው ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ የተሰራ ፓስታ ስታርቹ በፕሮቲኑ መሀል ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚፈታው፣ ከነጭ ዳቦ ያነሰ ነው ስኳር የሚያወጣው። ሲነከስ መሀሉ ትንሽ ጠንከር እስኪል ብቻ ቀቅለው ያውጡት፣ ሲልፈሰፈስ ይሄ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሰላጣውንና አሳውን ወይ ዶሮውን አስቀድመው ይብሉ፣ ፓስታው ወደኋላ፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ከምግብ በኋላ ያለውን ስኳር ያወርደዋል። ከዛ ወዲያው ሶፋ ላይ ከመውደቅ 15 ደቂቃ አብራችሁ ወክ አድርጉ።

ስጎውን በተመለከተ፣ ጨው ያልተጨመረበት የታሸገ ቲማቲም ወይ ትኩስ ቲማቲም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ለሶስት ሰው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ 20 ደቂቃ በቀስታ ይንተክተክ። በቃ። ቲማቲም በዘይት ሲበስል ላይኮፒን የሚባለው ንጥረ ነገሩ እንደውም በተሻለ ወደ ሰውነት ይገባል። ኪዩቡ ከዛሬ ጀምሮ ይውጣ፣ በሱ ፋንታ ሎሚ ጨመቅ ያድርጉበት። ቺዙን ድስት ውስጥ አይክተቱት፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ ይፈግፈጉበት፣ ላይ ላይ ሲሆን ምላስ ቶሎ ያገኘዋል። መጀመሪያ አልጫ ነው ብለው ያማርራሉ፣ ይታገሱዋቸው፣ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። "ዝቅተኛ ሶዲየም" የሚባለውን ምትክ ጨው ግን ሳይጠይቁ እንዳይገዙ፣ ፖታሲየም አለው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያለ የግፊት መድሃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ ስለሚሰራ ነገር ካነሳን አይቀር፣ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክረው ውጪ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው፣ እባክዎ አያድርጉት፣ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ጀርም ያድጋል፣ ፍሪጅ ገብቶ በጥቂት ቀን ማለቅ አለበት። የተረፈ ፓስታም በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።

ሬስቶራንቱን ደግሞ ጭራሽ እንዲተዉ አልመክርም። ጓደኞቻቸው እዛ ናቸው፣ ሰው ከወዳጁ ተነጥሎ የሚያገኘው ጤና ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ። በሳምንት አንዴ ይሂዱ፣ ሲሄዱ የቲማቲም ስጎ ወይ የተጠበሰ አሳ በአትክልት ይዘዙ፣ ክሬሙ ይቅር፣ ፒዛ ከሆነ አንዱን ለሁለት ከሰላጣ ጋር፣ የዳቦው ቅርጫት ጠረጴዛው ላይ አይቆይ። ግማሽ ሳህን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ግን 150/95ን በምግብ ብቻ እናወርደዋለን ብለው ሌላ ሁለት ወር እንዳይጠብቁ። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ 5 ደቂቃ ቁጭ ብለው ካረፉ በኋላ፣ ጀርባቸው ተደግፎ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ሁለቴ ይለኩና ይጻፉት፣ ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ሐኪማቸው ሂዱ፣ መድሃኒቱ መጨመር ወይ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ህመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይ የአንድ ጎን መድከም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።